የስንብት ደብዳቤ የመድኃኒት ማቆሚያ ትዕዛዝ አይሁን

ገበያ የቀዘቀዘበት ድርጅት ፈጥኖ የሚቀንሰው ሠራተኛ ነው። ሒሳብ ያዡ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂው፣ የሽያጭ ሠራተኛው በየተራ የስንብት ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ደብዳቤው ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ። ይኸውም ሠራተኛው ከደመወዙ ጋር የሕክምና ሽፋኑንም አብሮ ማጣቱ ነው። በየወሩ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ እየቀረበ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ሕክምናው የሚቋረጥበት ሰዓት ከምንጊዜውም ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰዓት ነው።

“ይህ የጤና ገጽ ወሬ እንጂ የገበያ ገጽ ጉዳይ አይደለም” የሚል አንባቢ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት ግን ሌላ ይናገራል። በድባቴና በጭንቀት ሕመም ሳቢያ በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን ይባክናል፤ ኪሣራው 1 ትሪሊዮን ዶላር ይደርሳል። ለእነዚሁ ሕመሞች ሕክምና የሚወጣ 1 ዶላር በተሻለ ጤናና በሥራ ውጤት 4 ዶላር እንደሚመልስም ድርጅቱ አስልቷል። ከመርካቶ እስከ ቦሌ እንዲህ ያለ ትርፍ የሚያስገኝ ሸቀጥ ስንት አለ?

በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚታከምበት መንገድ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ድርጅቱ ከመድን ኩባንያ በቡድን የሚገዛው የሕክምና ሽፋን ነው። ሁለተኛው ሠራተኛው ከኪሱ ታክሞ ደረሰኝ ሲያቀርብ የሚተካለት ነው። ሁለቱም ከቅጥር ውሉ ጋር የታሰሩ ናቸው፤ ውሉ ሲያበቃ አብረው ያበቃሉ። በደረሰኝ የሚሠራው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ደረሰኙ ላይ የሆስፒታሉና የመድኃኒቱ ስም ተጽፏል። ገንዘብ ክፍል ሲደርስ ወሬው ቢሮውን ያዳርሳል። “አማኑኤል ገባ” ማለት እንደ ስድብ በሚቆጠርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አበው “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላሉ። በየቢሯችን ግን በሽታውን የገለጠ ሠራተኛ ለቅነሳ የመጀመሪያው እንዳይሆን ይፈራል። ስለዚህ ሽፋን እያለውም ከኪሱ ይከፍላል። ሥራው ሲቀር ኪሱም ይደርቃል።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ እያለ ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። በቅነሳ ለተሰናበተ ሠራተኛም ካሳ አለው። ለምሳሌ 5 ዓመት ያገለገለ ሰው የ70 ቀን ደመወዝ የስንብት ክፍያ፣ በቅነሳ በመሆኑም የ60 ቀን ተጨማሪ ያገኛል። በድምሩ የ130 ቀን ደመወዝ ማለት ነው። ገንዘቡ ክፉ ባይሆንም የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና አስቤዛ ተሰልፈው ይጠብቁታል። የመድኃኒት ተራ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

የመድኃኒቱ ዋጋም ባለበት የሚቆም አይደለም። ለአእምሮ ሕመም ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ብዙዎቹ በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አስመጪ የሆነ አንባቢ ይህ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት አያሻውም። የድባቴ መድኃኒት ደግሞ ሕመምተኛው ከተሻለው በኋላም ቢያንስ ለስድስት ወር ያህል መቀጠል አለበት። “ተሽሎኛል፣ ብሩን ልቆጥብ” ብሎ በራሱ ያቆመ ሰው ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። ያን ጊዜ በወር ቀጠሮ ይያዝ የነበረው ነገር አልጋ መያዝን ይጠይቃል።

“መንግሥት የት አለ?” ለሚል፣ ሁለት መንገዶች ታስበዋል። ለመደበኛ ሠራተኛ የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ታወጀ። አሠሪው 3 በመቶ፣ ሠራተኛው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። ሆኖም ሥራ ላይ ሳይውል ለብዙ ዓመታት ቆየ። ደመወዝ ለሌለው ወገን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ተስፋፍቷል። ትናንት ደመወዝተኛ፣ ዛሬ ሥራ ፈላጊ የሆነው ሰው በሁለቱ መካከል ይወድቃል። የመንግሥት ሆስፒታል ዋጋ ከግሉ ይቀንሳል፤ ቀጠሮውና ሰልፉ ግን ሥራ ለሚያፈላልግ ሰው ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ሀብታም አገርም ቢሆን ከዚህ ችግር አላመለጠም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 የተዘጋጀ ኮብራ የሚባል ሕግ አላት። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ድርጅት የተሰናበተ ሰው በድርጅቱ መድን እስከ 18 ወር መቀጠል ይችላል። ነገር ግን አሠሪው ይከፍል የነበረውን ጨምሮ እስከ 102 በመቶ የሚደርሰውን አረቦን የሚከፍለው ራሱ ነው። ደመወዝ የሌለው ሰው ከየት አምጥቶ? ብዙዎች መብቱ እያላቸው ይተዉታል። ከዚህ የምንማረው መብት ብቻውን እንደማይበቃና ሒሳቡም አስቀድሞ መዘጋት እንዳለበት ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 100 ሠራተኛ ያለው ድርጅት በዓመት የሚከፍለው የ1,200 የሰው ወር አረቦን ነው። በዓመት 5 ሰው ቢያሰናብትና ለእያንዳንዱ ሽፋኑን 3 ወር ቢያራዝም ጭማሪው 15 የሰው ወር፣ ማለትም 1.25 በመቶ ነው። መድን ሰጪው “የሚቀጥሉት ሕመምተኞቹ ናቸው” ብሎ ዋጋውን እጥፍ ቢያደርገው እንኳ 2.5 በመቶ ነው። ለአንድ የዓመት በዓል ግብዣ የሚወጣውን ገንዘብ የሚያውቅ ባለሀብት በዚህ ሊደነግጥ አይገባም።

ስለዚህ አሠሪዎች ውል በሚታደስበት ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ የአእምሮ ሕመምን ከሽፋን የሚያስቀር አንቀጽ ካለ ይውጣ። ሁለተኛ፣ በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ የ3 ወር ማራዘሚያ አረቦን ውስጥ ይግባ። በደረሰኝ የሚሠሩ ድርጅቶችም ደረሰኙ በታሸገ ፖስታ ለአንድ ኃላፊ ብቻ እንዲደርስ ያድርጉ፤ ይህ ሳንቲም አያስወጣም። የመድን ደላሎችም ኮሚሽናችሁን ስታሰሉ ይህን አንቀጽ ለደንበኛ አሳዩ። መድን ሰጪዎች በበኩላቸው የተሰናበተው ሰው ከ3 ወሩ በኋላ በግሉ የሚቀጥልበትን አነስተኛ ውል ገበያ ላይ ያውጡ።

ነጋዴውም ራሱን አይርሳ። ቀጣሪ የሌለው ሰው የሚያራዝምለትም የለውም። ዱቤ ሲቀርበት፣ ዕቃ ወደብ ላይ ሲያዝበት እንቅልፍ የሚያጣው እሱ ነው። ሱቁን ከእሳት ለማዳን አረቦን የሚከፍል ሰው ሱቁን ለሚያስተዳድርበት ጭንቅላት አንድ ነገር መመደብ አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የዘንድሮው ውል ከመፈረሙ በፊት የማራዘሚያው ዋጋ ስንት እንደሆነ ይጠየቅ።