ያልተቆጠረ እንደ ሌለ አይቆጠር

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በአሶሳ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። «ካንሰር የአዲስ አበባ ሰው በሽታ ነው» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ይህ አሳብ የመጣው ከአቆጣጠሩ ይመስለኛል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የካንሰር መዝገብ የሚቆጥረው የከተማይቱን ነዋሪዎች ነው። ከአሶሳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እዚያ የታከመ እንኳ በከተማይቱ ሒሳብ አይገባም፤ ሳይመረመር በቤቱ የሞተውማ ማን ጽፎት?

ስለዚህ በጀት የምትመድቡ ወገኖቼ፣ የቁጥር ማነስ የበሽታ ማነስ አይምሰላችሁ። ቆጠራው ወደየክልሉ ሲስፋፋ ቁጥሩ ቢያድግም፣ ሁሉም አዲስ የመጣ በሽታ ነው አትበሉ፤ ከነበረው ብዙው ገና መታየቱ ይሆናልና። የማኅፀን በር ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል፤ የመዘግየቱን ዕዳ የሚከፍሉት እናቶቻችን ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ መምህር፣ ከአሶሳ