መስቀለኛ ቃል

የፎገራ ልጆች በማታ «እንቆቅልህ» ይባባላሉ፤ ፍቺው ያቃተው ልጅ አገር ሰጥቶ ይሰማል። መስቀለኛ ቃል የሚባለው ጨዋታ ግን ጎንደርን ቢሰጡትም አይናገርም። ይህን ጨዋታ በ1906 ዓ.ም. አርተር ዊን የሚባል የእንግሊዝ ተወላጅ በኒው ዮርክ ጋዜጣ አወጣው። ቃሎቹ ወደ ጎንና ወደ ታች ይጻፋሉ፤ በሚገናኙበትም ቤት አንድ ፊደል ለሁለቱ ይሆናል።

አንድ የቁሐር ሚካኤል ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይህን ይዞ ተቀመጠ እንበል። ወደ ታች «ጣና ምንድር ነው?» ይላል፤ ልጁም ፈጥኖ «ሀይቅ» ብሎ ጻፈ። ወደ ጎን የሚሄደው የገዛ አገሩ ስም ነው፤ በሁለተኛው ቤት ግን ሐመሩ ሐ እንጂ ሃሌታው ሀ አይገባም። ጆሮ አይለያቸውም፤ ዓይን ይለያቸዋል።

ለልጅ ቃል ከመፈለግ ይልቅ በገዛ እጁ የጻፈውን መፋቅ ይከብደዋል። አንዳንዱ ስሕተቱን ላለመፋቅ ያገሩን ስም «ቁሀር» ብሎ ያጣምማል፤ አንዳንዱም መልሱን ከኋላው ገጽ ገልጦ ያያል። ይህኛው ከዚያኛው ይብሳል፤ የተሳሳተው ልጅ ቢያንስ በራሱ አሳብ ደክሟልና። ወላጅም ልጁ ሲቸገር አይቶ መልሱን ለመንገር ባይቸኩል መልካም ነው።

የቁሐሩ ልጅ ግን እስኪመሽ ድረስ አየው፤ ሀን ፍቆ ሐን ጻፈ። ሐይቅም ቁሐርም ተስማሙ።