መሪው ሲንቀጠቀጥ

   እኛ የምንኖረው እዚህ ፒስጋት ዘኤቭ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ መኪና መሪ ነው። "ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጎሚስታ ሆነ እንዴ?" እንዳትሉኝ። የሰው ህይወት ያለበት ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ በጽዳት ሥራ የምትተዳደር ጠንካራ ሴት ናት። ቀላል ባቡሩ በ2011 ሰፈራችን ድረስ ከመጣ ወዲህ ብዙዎቻችን ከመኪና ተገላግለናል። ነገር ግን ባቡሩ ሌሊት ይተኛል፣ እሷ ደግሞ ከቤት የምትወጣው በሐበሻ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ የ2007 ሂዩንዳይ ጌትስ ገዛችና በ443 መንገድ ወደ ሞዲዒን ትመላለሳለች። መኪናዋ ሰማንያ እስክትደርስ ሰላም ናት። ዘጠና ስትገባ መሪው እጇ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝቻት ሳጫውታት፣

"ጋሼ፣ ያረጀ መኪና አይደል? እኛስ ስናረጅ እጃችን ይንቀጠቀጥ የለ?" አለችኝና ሳቀች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ለካ አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ስትነዳው ኖራለች! በመሀል ሙሳክ ወስዳው ነበር። ዕብራይስጡ ለሥራ ይበቃታል እንጂ ለሙሳክ ስለማይበቃት የአሥራ አራት ዓመት ልጇን ለአስተርጓሚነት ይዛ ሄደች። ሰውየው መኪናውን ሳይነዳ "ፍሮንት ነው" አለ፤ ቀጥሎ "ታፑአሕ ነው" አለ፤ ቀጥሎ አሞርዛተሩንም ቀየረና 1,900 ሼቄል ተቀበላት። በማግስቱ ሌሊት ዘጠና ላይ ስትደርስ መሪው እንደ ድሮው ተንቀጠቀጠ። ተመልሳ ለመናገር አፈረች።

ታፑአሕ ማለት ፖም ማለት ነው፣ ፍሬው። የዚህ አገር መካኒኮች የመሪውን ዘንግ ጫፍ እንደዚያ ይሉታል፣ ክብ ስለሆነ። ልጁ ለእናቱ ምን ብሎ እንደተረጎመላት ታውቃላችሁ? "እማ፣ የመኪናው ፖም ተበላሽቷል ይላል።" እሷም ልጁ የሚቀልድ መስሏት ተቆጣችው። የእኛ አገር መካኒክ ጣሊያን ጥሎለት በሄደው ቃል ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ እያለ ነው የሚያወራው። የዚህ አገሩ ደግሞ ግማሹን ከእንግሊዝ፣ ግማሹን ከአረብ ወስዶ የራሱ ቋንቋ አለው። እዚህ የተወለደ ልጅ ሁለቱንም አያውቅ! እሱ የሚያውቀው የትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ነው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። በወጣትነቴ ከጎንደር ሽሬ የሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ፣ ያውም ሊማሊሞን እየወረድን። ሾፌራችን ቁጡ ነበር። ነገር ግን አንድ ያስተማረኝ ነገር አለ፤ መኪና ሲንቀጠቀጥ ወዲያው መፍቻ አታንሳ፣ መጀመሪያ ጠይቀው ይል ነበር። እዚህ ዋዲ ጆዝ ያለ አንድ ሽማግሌ አረብ ጎሚስታም ያንኑ ነው የሚያደርገው። መኪና ሲመጣለት ሻዩን ይዞ ይጠይቃል፤ መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው? እጅህ ላይ ነው ወይስ መቀመጫህ ላይ? ፍሬን ስትይዝ ነው ወይስ ሳትይዝ? እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ ዕብራይስጥ አይጠይቅም። በአማርኛም አስቦ መሄድ ይቻላል።

መልሱ ብዙ ይናገራልና እስቲ ልዘርዝረው። በዝግታ ሲነዱ የሌለ፣ ከሰማንያ ወይም ከዘጠና በላይ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጎማው ነው፣ ማለትም ባላንሱ፣ ዕብራይስጡ ኢዙን የሚለው። እጅ ላይ ከተሰማ የፊት ጎማ፣ መቀመጫ ላይ ከተሰማ አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ጎማ ነው። ቸርኬው ላይ የምትለጠፈዋን ትንሽ ብረት አይታችኋል? አንዷ 20 ግራም ብትሆን ነው። እንደ ጌትስ ባለች ትንሽ መኪና ላይ ጎማው በዘጠና ፍጥነት በሰከንድ 13 ጊዜ ያህል ይዞራል። ያቺ 20 ግራም ከወደቀች በእያንዳንዱ ዙር ጎማውን ከሁለት ኪሎ ተኩል በሚበልጥ ጉልበት ወደ አንድ ወገን እንደመጎተት ነው። አንዳንዴም ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ብቻ ይሆናል፣ እሱን በውሃ አጥቦ መገላገል ነው።

ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ጎማውን ተዉት። የፍሬኑን ዲስክ አሳዩ። ሰው ሁሉ "ዲስኩ ተጣመመ" ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ውፍረቱ እዚህና እዚያ ለዓይን በማይታይ መጠን ስለሚለያይ ነው መሪውን የሚነቀንቀው። እኛ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። ሙት ባሕር ደግሞ ከባሕር ወለል ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ልጆች ይዘን ለሽርሽር ስንወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል በፍሬን ብቻ የምንወርድ አለን! ሊማሊሞን ወይም አባይ በረሃን የሚያውቅ ሾፌር እንዲህ አያደርግም። ማርሹን አውርዶ ሞተሩ እንዲይዘው ያደርጋል። አውቶማቲክ መኪናም ላይ ዝቅ ያለ ማርሽ አለ፣ ፈልጋችሁ አግኙት።

ቤንዚን ስትሰጡት ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ከሞተር ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ይታይ። ቆሞም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሞተሩ ወይም የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ነው። ፍሮንት የሚባለው፣ የጎማውን አቅጣጫ ማስተካከል፣ በአብዛኛው መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲስብ ወይም ጎማው በአንድ ወገን ሲበላ የሚሠራ ነው። መንቀጥቀጥን ብቻውን እምብዛም አያድንም። እኛ ግን ሁልጊዜ በሱ ነው የምንጀምረው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ በፊት ነው። ጎማ በቅርቡ ካስፈታችሁና መንቀጥቀጡ ከዚያ ወዲህ ከመጣ፣ መንገድ ሳትወጡ ዳዶዎቹን አጥብቁ። ይሄ ለነገ አይባልም።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ዓርብ ጠዋት ከፓርኪንጉ ወጥተን አብረን ነዳን። እጇ ላይ ነው፣ ፍሬን ሳይያዝ ነው። ተመልሰን መሪውን እስከ ጥግ አዞርንና ጎማዎቹን በዓይን አየን። የግራው የፊት ጎማ ከውስጥ በኩል፣ ከውጭ በማይታየው ጎኑ፣ የግማሽ እንቁላል ያህል አብጧል። እጄን ሳስኬድበት ሆዴ ተላወሰ። ጎማ እንዲህ የሚያብጠው ውስጡ ያለው ክር ሲበጠስ ወይም ንብርብሩ ሲላቀቅ ነው። ጉድጓድ ወይም የመንገድ ጠርዝ በኃይል መምታት ይበቃዋል። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ባለችበት በኢትዮጵያ ጎዳና ላይ መኪና ለማቆም የታገለ ሰው ጎማና ድንጋይ እንዴት እንደሚተዋወቁ ያውቃል፣ መንገዱ ጠባብ ነውና። ያ ጎማ አንድ ሌሊት ቁልቁለት ላይ ሊፈነዳ ይችል ነበር። ጎኑ ላይ የተጻፈው የመጨረሻው አራት ቁጥር 2213 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያሳያሉ፤ በ2013 በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ሁለት አዲስ የፊት ጎማ ከነባላንሱ 600 ሼቄል አልሞላም። መሪው ዝም አለ።

1,900 ሼቄል የተቀበለው ሰው አጎንብሶ ያንን ጎማ አላየውም። አይቶም ከሆነ አልተናገረም። የትኛው እንደሚብስ እናንተ ፍረዱ። እኔ ስሙን አልጠራም፤ ሁሉም ሙሳክ እንዲህ ነውም አልልም፣ ደጎች ሞልተዋል። እኔን የሚያናድደኝ የኛ ነገር ነው። ወይ ዝም ብለን እንነዳለን፣ ወይ ያሉንን ሁሉ እንከፍላለን። መሀሉ የለም። "ሳትነዳው በምን አወቅህ? የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አሳየኝ" ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለናል፣ ሰውየውን የሰደብነው ይመስለናል። ይሉኝታ በአገራችን ጥሩ ነገር ነበር፣ ሙሳክ ውስጥ ግን ኪስ ያራግፋል።

ልጆችን ለአስተርጓሚነት መውሰዱም ይቅር እላለሁ። ከናንተ ውስጥ "ታዲያ ማንን እንውሰድ?" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ሰው የለም። ግን ያ ልጅ ቤት ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ነበር ብላኛለች። መኪናው ሳይድን ሲቀር ጥፋቱ የሱ የመሰለው ይመስለኛል። አሥራ አራት ዓመቱ ነው! ለባንክ እሱ፣ ለሐኪም እሱ፣ ለታፑአሕም እሱ። ቢያንስ የመኪናን ነገር እኛ ትልልቆቹ እርስ በርስ እንሸኛኝ። በየሕንፃው አንድ አሮጌ ሾፌር ወይም አንድ ሥራ የፈታ እንደኔ ያለ ሽማግሌ አይጠፋም።

"በየዓመቱ ቴስት ያልፍ የለ?" የሚሉም አሉ። ቴስት ጣቢያ ውስጥ መኪናውን ዘጠና አይነዱትም፣ ይህን አስቡ። ከቴስቱ በኋላ ባለው ወር ጎማው ሊያብጥ ይችላል።

ሌላው፣ በጸሎት የሚመካ አለ። እኔም ሳልጸልይ መንገድ አልወጣም፣ የመንገድ ጸሎቱ መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሎልኛል። ሆኖም ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ጣራው ላይ መከታ እንዲሠራ ያዝዛል፣ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። እግዚአብሔር ጠባቂ ሆኖ ሳለ ለምን መከታ አስፈለገ? ቄሶቻችንን ጠይቄ ነበር። አንደኛው አባት ረዘም ላለ ጊዜ አሰቡና "አንተ መኪና ስትገዛ እኔን አማክረኸኛል?" አሉኝ። አላማከርኳቸውም።

አገር ቤት ላላችሁ፣ ይሄ ሁሉ ለአንድ አሮጌ ጌትስ ነው ወይ እንደምትሉ ይገባኛል። በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እናንተ ዘንድ ያለው አሮጌ ኮሮላ እንደ ወርቅ ሆኗል ይላሉ። እንግዲያው የናንተ መኪና የበለጠ ረጅም ዕድሜ ይጠብቀዋል፣ ጎማውን እዩለት። ሶማሌ ተራ ዕቃ ከመፈለጋችሁ በፊት የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ቀያይራችሁ ንዱት። መንቀጥቀጡ ከእጅ ወደ መቀመጫ ከሄደ ጥፋቱ ጎማው ላይ ወይም ቸርኬው ላይ ነው። ብሎን መፍቻና ክሪክ ብቻ ነው የሚፈልገው። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ግን አደራ እንዳትገቡ።

ልጁ አሁን ሥራ አግኝቷል። ከፓርኪንጉ ዳር እስከ ዳር እየዞረ የጎማ ቁጥር ያነባል፣ ለጎረቤት ሁሉ "የናንተ አርጅቷል" እያለ ይናገራል። ባለፈው ሳምንት የኔን መኪና ኋላ ከፍቶ ትርፍ ጎማውን አገላበጠና ጠራኝ። 3109 ይላል።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከኔ ይበልጣል፤ ታላቅ ወንድሜ ነው" አለኝ።

እሑድ ልቀይረው ነው።