እናት ጋ ሄዶ ዝም ብሎ መዋል

አምበር ትልቅ ከተማ አይደለችም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይን የተሻገረ መንገደኛ ደጀንንና ሉማሜን አልፎ፣ ደብረ ማርቆስ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ያገኛታል። አብዛኛው ሰው በመስኮት አይቷት ያልፋል። እዚያ የሚወርደው ወይ ሥራ ያለው ነው፣ ወይ እናት ያለችው።

እናት ያለችው ሰው ጉዞ ድሮ ብዙ ምክክር አይጠይቅም ነበር። ድሮ ሲባል ሩቅ አይደለም፣ የዛሬ ስድስት ሰባት ዓመት ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የአራት ቀን ፈቃድ ይወስዳል፤ ማታ ስኳርና ቡና፣ ለእናቱ ነጠላ ወይም ጫማ ይገዛል፤ ጎሕ ሳይቀድ ይሳፈራል። ጎሐ ጽዮን ቁርሱን ይበላል። የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ አቀበቱን ጨርሶ ደጀን ሲወጣ የደጋው ነፋስ ይቀበለዋል። መምጣቱን ሳይናገር የሚሄድም ነበር። እናት ከጓዳ ብቅ ስትል ልጇ ደጅ ላይ ቆሟል፤ «እሰይ ልጄ!» ይባላል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ምድጃው ላይ ጀበና ይጣዳል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ለወሬ አይበቃም። ቁጭ ይላል። ጠላ ይቀዳል፤ ማን እንደሞተ፣ ማን ልጁን እንደዳረ፣ ማዳበሪያ ስንት እንደገባ ይወራል። በሁለተኛው ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል፤ በሦስተኛው ቀን ስልኩን የት እንዳስቀመጠው ይረሳል። እናት «ምነው እንዲህ ከሳህ?» ትላለች፣ ቢወፍርም። በአራተኛው ቀን ሽሮውንና በርበሬውን አሸክማ፣ መርቃ ትሸኘዋለች። የሄደበት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሌላ ጉዳይ አልነበረውም።

የሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከወጣ ወዲህ ግን ጎጃም መሄድ «ጉዳይ» ሆኗል። ዐዋጁ በ2016 ጥር ለአራት ወራት ተራዘመ፤ ግንቦት ሲያልቅ ጊዜው አበቃ። ጦርነቱ ግን ከዐዋጁ ጋር አላበቃም። ዐዋጁ ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ፣ በሰኔ 2016 መጨረሻ፣ በዚሁ የጎጃም መንገድ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከመቶ በላይ መንገደኞች ታገቱ። አብዛኞቹ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው የማስለቀቂያ ገንዘብ እንደተጠየቁ ለመገናኛ ብዙኃን ተናገሩ። ወደ እናታቸው እየሄዱ የነበሩ ልጆች ዋጋ ወጣላቸው።

ባለሥልጣናት ስለ ሰላም ሲናገሩ መንገድ ተከፈተ፣ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ፣ ጽሕፈት ቤት ተደራጀ ይላሉ። መንገድ መከፈቱ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ልቡ ሳይሰቀል መሄዱ ሌላ። በሌላ በኩል ነፍጥ ያነሳው ወገን የሚታገለው ለዚሁ ሕዝብ እንደሆነ ይናገራል፤ መንገድ ዘግቻለሁ ብሎ ሲያውጅ ግን ቤቷ የሚዘጋባት ያቺው እናት ናት። ሁለቱም ስሟን ይጠራሉ። ልጇ ሲመጣ የትኛው ኬላ ላይ ማን እንደሚያስቆመው፣ መታወቂያው ላይ የቱ መስመር እንደሚያስጠይቀው አስቀድሞ ሊነግራት የሚችል ግን የለም።

ገንዘብ ያለው በአውሮፕላን ባሕር ዳር ይወርዳል። የአምበር ልጅ ለዚህ ሲል አገሩን አልፎ ሄዶ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ በኩል ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ ያም መንገድ ከጦርነቱ ውጭ አይደለም። የቀረው ስልክ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር አንባቢ አይረሳውም። መስመሩ ሲሠራ «በስልክ ታወሩ የለ?» የሚል ሰው አይጠፋም። በስልክ የሚወራው ግን ወሬ ነው፤ ዝም ተብሎ አይዋልበትም። እናትም በስልክ አትዋሽም ማለት አይደለም፤ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ምን ትላለች?

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ የምትለው ነው። «አደራህን፣ እንዳትመጣ።» ለእንቁጣጣሽ፣ ለፋሲካ፣ ለቡሄ ልጇን ደጅ ደጁን እያየች የኖረች የጎጃም እናት ልጇን አትምጣብኝ ማለት ተምራለች። የዚህ ጦርነት ጉዳት ሲቆጠር የወደቀው ሰውና የተቃጠለው ቤት ይቆጠራል፣ መቆጠርም አለበት። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን በየትኛውም ሪፖርት ላይ አትገባም።

ስለዚህ አንዳንዱ መንገዱን ገልብጦታል፤ እናቱን ወደ አዲስ አበባ ያስመጣል። አደጋውን ለእሷ ማሸከሙን ያውቃል፤ «አሮጊት ማን ይነካል?» ብሎ ራሱን ያጽናናል። እናት መጥታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትቀመጣለች። ልጅ ሥራ ይሄዳል፤ የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። በሩ ተዘግቶ ይውላል፤ ሰላም የሚል ጎረቤት አይገባም። በመስኮት ቁልቁል የምታየው የመኪና ጣሪያ ነው። ዶሮዎቹን አደራ የሰጠቻት ሴት አስገብታቸው ይሆን? ሰንበቴው የማን ተራ ነው? በሳምንቱ ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ታስቀምጣለች።

«እማ፣ ምነው? ትንሽ ቆዪ እንጂ፤ መንገዱ እስኪረጋጋ።»

«እስኪረጋጋማ ቤቴ ይፈርሳል» ትላለች፤ ለነገው መኪና እንዲደውልላት ትጠይቀዋለች።