«ፖለቲካ ውስጥ አንግባ»

የዲላ ልጅ ነኝ። ጋዜጠኝነት ስማር «ኢንተርካልቸራል ኮሙኒኬሽን» የሚባል ኮርስ ወስጃለሁ። የጃፓኖችን ሰላምታና የጀርመኖችን ሰዓት አክባሪነት ሸምድጄ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። አንድ ቀን ግን አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «የጌዴኦና የጉጂስ ነገር?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ። መምህራችንም «ፖለቲካ ውስጥ አንግባ» ብለው ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፉ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህ ትምህርት ያለ ፖለቲካ ይሆናል እንዴ? ኤድዋርድ ሆል ሐሳቡን ያዳበረው የአሜሪካን ዲፕሎማቶች ሲያሠለጥን ነው። ሆፍስቴድ ደግሞ ከአይቢኤም ሠራተኞች በሰበሰበው መጠይቅ ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር ደምሮ «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል አንድ ነጥብ ሰጥቶናል። እኛም ያንን ነጥብ ለፈተና አጥንተናል።

ሃንድአውታችን «ሰዎች የሚጋጩት ባህል ለባህል ስለማይተዋወቁ ነው» ይላል። ጌዴኦና ጉጂ ግን ይተዋወቃሉ፣ ያውም በደንብ! አብረው ይገበያያሉ፣ ይጋባሉ፣ ብዙ ጌዴኦዎች ኦሮምኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። ደም ሲፈስ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል የጋራ ሥርዓት እንኳ አላቸው። እንዲህም ሆኖ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቅሏል፤ አብዛኛው ጌዴኦ ነበር። ከበስተጀርባው የመሬት፣ የወሰንና የአስተዳደር ጥያቄ አለ። ይህን ሁሉ «የባህል አለመግባባት» ብሎ ማስተማር ተጠያቂውን መደበቅ ነው።

የመምህራንን ፍርሃት አልንቅም። ክፍል ውስጥ የተወረወረች አንዲት ቃል ማታ ዶርም ውስጥ ጠብ ልትሆን ትችላለች። ቢሆንም ዝም ሲባል ጥያቄው አይጠፋም፤ ፌስቡክ ላይ ሄዶ ከስድብ ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

ስለዚህ መምህሮቼን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተማሪን የብሔሩ ቃል አቀባይ አታድርጉት። ያን ቀን ሁሉም ሲያየኝ የሃያ ዓመት ልጅ መሆኔ ቀርቶ የአንድ ሕዝብ ጠበቃ ሆንኩ፤ አፌም ተሳሰረ። ሁለተኛ፣ ከጃፓን ሰላምታ በፊት «መሬቱን ማን ያዘው? ወሰኑን ማን አሰመረው? በማን ቋንቋ ነው የሚዳኘው?» ብለን እንድንጠይቅ ፍቀዱልን። የአገራችን ሽማግሌ እንኳ ሊያስታርቅ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚለው «ምን ተፈጠረ?» ነው።

ያ ልጅ ግን እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘም።