ቤትና ግቢ፦ ጥቁሩን ድንጋይ ሲደርቅ እንየው

የሰው ኑሮ በአራቱ ግድግዳ መካከል ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በአገራችን ይልቁንም ግቢው የቤቱ እኩሌታ ነው። እህል የሚሰጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ሕፃናት የሚሯሯጡበት፣ ለሠርግም ለለቅሶም ዳስ የሚጣልበት ይኸው ስፍራ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተ ሰብ ከዓመት እስከ ዓመት ጥቂት በጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ግቢውን ከክረምት ጭቃና ከበጋ አቧራ ለማዳን ድንጋይ ሊያነጥፍ ባሰበ ጊዜ፣ ምርጫው የጌጥ ነገር ብቻ ሳይሆን የጤናና የሰላም ነገር ጭምር መሆኑን ልናስታውሰው እንወዳለን።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጥቁር የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በውጭ አገር፣ በተለይም በእንግሊዝ፣ ለአትክልት ቦታ መንገድና ከቤት ደጃፍ ለሚሠራ መቀመጫ ስፍራ ተወዳጅ ሆኗል። ከሚመጣባቸው ቦታዎች ዋነኛው በደቡብ ህንድ በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት የሚገኘው የካዳፓ አውራጃ ነው። ህንዶች ራሳቸው ከጥንት ጀምሮ ለቤት ወለልና ለወጥ ቤት መደርደሪያ ይገለገሉበታል። በዚያ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ከአረንጓዴው ሣር አጠገብ የተነጠፈውን ጥቁር ድንጋይ ፎቶግራፍ አንሥተው በላኩልን ቁጥር፣ «ይህንኑ በግቢያችን ብናደርገውስ?» የሚል ሐሳብ በብዙ ቤት መነሣቱ የማይቀር ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመግዛት በፊት የድንጋዩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ስሙን እንለይ። በእኛ ዘንድ «ጥቁር ድንጋይ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ከእሳተ ገሞራ የወጣው፣ በባለሙያዎች ቋንቋ ባዝልት የሚባለው ነው። ወፍጮ የሚጠረብበት፣ ለቤት መሠረት የሚቀበር፣ ከ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ጀምሮም ኮብልስቶን ተብሎ በየመንደሩ መንገድ የተነጠፈው እርሱ ነው። ጥቁር የኖራ ድንጋይ ግን ሌላ ነው። ከጥንት ባሕር ወለል ላይ የረጋ የኖራ ጭቃ በዘመናት ብዛት ጠጥሮ የተገኘ ሲሆን፣ ጥቁረቱን የሚሰጠው በውስጡ የቀረ ጥቂት የካርቦን ቅሪት ነው። የኖራ ድንጋይ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በመቀሌ ዙሪያ ያለው፣ የሥነ ምድር ሊቃውንት በአንታሎ ስም የሚጠሩት ድንጋይ የዚሁ ወገን ነው፤ የዚያ አካባቢ ሰውም ቤቱንና አጥሩን ሲሠራበት ኖሯል። የዚያ መልክ ግን አብዛኛው ወደ ቢጫነትና ወደ ግራጫነት ያደላል።

ሁለቱ ጥቁር ድንጋዮች በመልክ ቢቀራረቡም በጠባይ እጅግ ይለያያሉ። የኖራ ድንጋይ ለስላሳ ስለ ሆነ በብረት ሚስማር ይጫራል፤ ባዝልት ግን ሚስማርን በቀላሉ አይቀበልም። ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ደግሞ የኖራ ድንጋይ ኮምጣጣ ነገርን አለመቻሉ ነው። ኮምጣጣ ሲነካው ገጹ ይበላል፤ የተበላውም ቦታ ወደ አመድማ መልክ ይለወጣል። የዝናብ ውሃ እንኳ ከአየር የሚያገኘው ጋዝ ስላለ በመጠኑ ኮምጣጣነት አለው። ስለዚህ በውጭ የተነጠፈ ጥቁር የኖራ ድንጋይ፣ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁበት፣ ከጊዜ በኋላ ጥቁረቱን እየለቀቀ ወደ ግራጫነት ይሄዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአባቶች አነጋገር ለወንዝ ብቻ የተነገረ አይመስልም።

ይህ የድንጋዩ ጠባይ እንጂ ጉድለት አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በእንግሊዝ አገር በዊንቸስተር ካቴድራል ውስጥ፣ በ12ኛው መቶ ዓመት ከቤልጅግ ከቱርኔ ጥቁር የኖራ ድንጋይ ተቀርጾ የተሠራ የጥምቀት ገንዳ አለ። በጣሪያ ሥር ሆኖ ዝናብ ስላልወረደበት ይህን ያህል ዘመን ጥቁረቱን ይዞ ቆይቷል። ከዚህ የምንማረው፣ ጥቁር የኖራ ድንጋይ ጥቁር ሆኖ እንዲኖር የሚፈልግ ሰው በጣሪያ ሥር፣ በበረንዳ ወይም በቤት ውስጥ ማንጠፍ እንደሚሻለው ነው። ከሰማይ በታች የሚያነጥፍ ግን ግራጫውንም መልክ ከመጀመሪያው ወዶ መቀበል ይኖርበታል። ግራጫው ራሱ ውበት የሌለው አይደለም፤ የሚያሳዝነው ሳያውቁ ሲመጣ ነው።

እንግዲህ ስለ ግዢው እንናገር። በመሸጫ ቦታ ድንጋዩ ውሃ ፈስሶበት ወይም ዘይት ተቀብቶ ሲታይ ከሰል ይመስላል። ገዢው ደረቁን ለማየት መጠየቅ ይገባዋል፤ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ቀን የሚያየው ደረቁን ነውና። ነጭ ጨርቅ በአሴቶን ነክሮ ገጹን ማሸትም ይጠቅማል፤ ጨርቁ ከጠቆረ ቀለም ወይም ቅባት ተጨምሮበታል ማለት ነው። ከዚያም በሚስማር ጥቂት ጭሮ፣ በዱቄቱ ላይ ሎሚ መጭመቅ ነው። አረፋ ከደፈቀ ኖራ ነው፤ ዝም ካለ ባዝልት ወይም ሌላ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ይህ ፈተና የሚያስወጣው የአንድ ሎሚ ዋጋ ነው፤ የሚያድነው ግን የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ አንድ ቁራጭ ወደ ቤት ወስዶ፣ ግማሹን ሸፍኖ ግማሹን ለፀሐይና ለዝናብ ሰጥቶ ጥቂት ሳምንት ማቆየት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው።

ሎሚን ከጠቀስን ዘንድ የኢትዮጵያን ቤት ኑሮ ማሰብ ግድ ይለናል። በእንግሊዙ ግቢ ላይ የሚፈሰው ምናልባት የወይን ጠጅ ወይም የብርቱካን ጭማቂ ነው። በእኛ ግቢ ግን የሊጥ እርሾ ውሃ ይደፋል፤ ጠላና ጠጅ ይንጠባጠባል፤ ሎሚና ቲማቲም ይታጠባል። እነዚህ ሁሉ ኮምጣጣነት አላቸውና በጥቁሩ ኖራ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ይተዋሉ። ምልክቱም በሳሙና የሚለቅ እድፍ አይደለም፤ ድንጋዩ ራሱ ተበልቷልና። ስለዚህ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ፣ ሊጥ ከሚቦካበትና ዕቃ ከሚታጠብበት ስፍራ ባዝልት ወይም መልካም የሲሚንቶ ሊሾ ይነጠፍ። ጥቁሩ የኖራ ድንጋይ ለእንግዳ መቀበያው በረንዳና ከአበባው መካከል ለምታልፈው ቀጭን መንገድ ይቀመጥ። ቡና በሚፈላበትም ቦታ የከሰል ምድጃው በቀጥታ በድንጋዩ ላይ አይቀመጥ፤ ድንገተኛ ትኩሳት ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሁለተኛው ምርጫ ስለ ገጹ ነው። እንደ መስተዋት የተወለወለ ድንጋይ ለዐይን ደስ ይላል፤ በረጠበ ጊዜ ግን ያንሸራትታል። በአንድ ግቢ ውስጥ አያት አሉ፤ ነፍሰ ጡር አለች፤ መሮጥ የጀመረ ልጅ አለ። የአንዲት አሮጊት የዳሌ አጥንት ቢሰበር ቤተ ሰቡ የሚከፍለውን ዋጋ ከድንጋዩ ውበት ጋር የሚያመዛዝን ማን ነው? ስለዚህ ከሰማይ በታች ለሚነጠፈው፣ በተፈጥሮው ተሰንጥቆ የወጣውን ወይም በብሩሽ ሻካራ የተደረገውን መምረጥ ይገባል። ጥላ በበዛበትና ፀሐይ በማይደርስበት ጥግም አረንጓዴ ነገር ስለሚበቅል፣ በክረምት ዘወትር መፈተግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ስለ አገሩ ጠባይ ነው። ጥቁር ነገር የፀሐይን ሙቀት አብዝቶ ይቀበላል። በደጋ፣ ማታ ማታ ብርድ በሚበረታበት፣ ቀን የሞቀው ድንጋይ እስከ ምሽት ለብ ብሎ ቢቆይ ደስታ ነው። በምጽዋ፣ በድሬዳዋ ወይም በሰመራ ግን ቀትር ላይ በባዶ እግሩ የሚወጣ ልጅ ይቃጠላልና፣ እንዲህ ላለው ቆላ ነጣ ያለ ድንጋይ ይሻላል።

አሁን ስለ አነጣጠፉ ጥቂት እንበል፤ መልካም ድንጋይ በመጥፎ አነጣጠፍ ይበላሻልና። በአዲስ አበባ በምሥራቅና በደቡብ በኩል ባሉ ብዙ ሰፈሮች ያለው አፈር መረሬ ነው። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በእርሱ ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ድንጋይ ዓመት ሳይሞላው ይናጋል። ስለዚህ መረሬው ይቆፈር፤ በተመረጠ አፈርና በጠጠርም ይተካ። ከላይ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ያህል ጠጠር ተነጥፎ በደንብ ይጠቅጠቅ። ለእግረኛ ብቻ ከሆነ ከ2 እስከ 2 ተኩል ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ ይበቃል፤ መኪና የሚቆምበት ከሆነ ግን ኮብልስቶኑን እንመክራለን።

ግንበኛው ሲሚንቶና አሸዋውን በድንጋዩ አራት ማዕዘንና በመካከሉ ብቻ ጠብ ጠብ አድርጎ እንዲያስቀምጥ አይፈቀድለት። ከሥሩ ባዶ የቀረ ድንጋይ ሲረግጡት ይጮኻል፤ ውሃም ይቋጥራል፤ በመጨረሻም ይሰበራል። ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር የሚሆን የሲሚንቶ ድልዳል ከዳር እስከ ዳር ይሁን። ከድንጋይ እስከ ድንጋይ 1 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ተትቶ በጥንቃቄ ይሞላ። ውሃው ከቤቱ ርቆ እንዲወርድም ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከ1 ተኩል እስከ 2 ሴንቲሜትር ዝቅታ ይሰጠው፤ የንጣፉም ገጽ ከቤቱ ወለል 15 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበል። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር የሚበልጥ ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ይህ ሁሉ ውሃ መውጫ ካላዘጋጁለት መግቢያ ይፈልጋል።

ሒሳቡንም አስቀድሞ ማስላት ብልኅነት ነው። 4 በ5 ሜትር የሆነ ስፍራ 20 ካሬ ሜትር ነው። ለቁራጭና ለስብራት ከመቶ 10 ቢጨመር 22 ካሬ ሜትር ይሆናል። ውፍረቱ 2 ተኩል ሴንቲሜትር ሲሆን ክብደቱ በግምት 15 ኩንታል ይደርሳል። እንግዲህ የድንጋዩን ዋጋ ብቻ የጠየቀ ሰው የጭነቱን፣ የጠጠሩን፣ የሲሚንቶውንና የእጁን ዋጋ ረስቷል ማለት ነው። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ፣ ከሥሩ ቀንሶ ሁሉን ከማንጠፍ ይልቅ ዘንድሮ ግማሹን በደንብ አንጥፎ ሌላውን ለከርሞ ማሳደር ይሻላል።

በሥራው ጊዜ ድንጋይ የሚቆርጠውንም ሠራተኛ አንርሳ። ከመቁረጫው የሚነሣው አቧራ ሳንባን ይጎዳል። ውሃ እያፈሰሱ መቁረጥ፣ አፍንጫና አፍን በተገቢ መሸፈኛ መከለል፣ ሕፃናትንም ከአካባቢው ማራቅ ያስፈልጋል። ለግቢያችን ውበት ስንል የሌላውን ሰው ትንፋሽ ልናሳጥር አይገባንም።

ንጣፉ ካለቀ በኋላ የሚደርሰው ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ከጽዳት ነው። በድንጋዩ ላይ የቀረውን የሲሚንቶ እድፍ ለማስለቀቅ አሲድ ማፍሰስ የተለመደ ነው። በጥቁር የኖራ ድንጋይ ላይ ግን አሲድ አይፈስስም። በአንድ ቀትር የዐሥር ዓመት ዝናብ ያላደረገውን ያደርግበታልና። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ማንሣት፣ ከዚያም በኋላ በንጹሕ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙናና ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል። ጥቁረቱን ለመመለስ የሚቀቡ መከላከያዎች አሉ፤ ነገር ግን በየጊዜው መታደስ ስለሚፈልጉ ወጪያቸው ከዓመት ዓመት የሚከተል መሆኑን ማወቅ ያሻል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ያንሸራትታል፣ አፈሩንና አትክልቱንም ይበክላል።

የነገሩን ፍሬ ስንሰበስበው፣ ጥቁር የኖራ ድንጋይ መልካም ድንጋይ ነው፤ ቦታውን ለሚያውቅለት ሰው። ጥቁረቱን ለዘላለም የሚፈልግ ባዝልትን ይውሰድ፤ ለስላሳነቱንና ግራጫውን የሚወድ ኖራውን ይውሰድ፤ ሁለቱንም አቀላቅሎ እያንዳንዱን በሚስማማው ስፍራ ያነጠፈ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ አድርጓል። ባልና ሚስት ከመግዛታቸው በፊት አንድ ቀን በግቢያቸው ተዘዋውረው፣ እርሾ የሚደፋው የት ነው፣ አያት የሚያልፉት በየት ነው፣ ውሃው የሚወርደው በየት ነው ብለው ቢነጋገሩ፣ ከማንኛውም ሻጭ የተሻለ ምክር ያገኛሉ።