እድራችን ከሞት በፊትም ይድረስ

ያገራችን ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ይህን ያላለ በመካከላችን አይገኝም። ቆሽት ከሰውነታችን የት እንደሚገኝና ምን እንደሚሠራ ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን መልስ እናጣለን። እኛም ያወቅነው በቅርቡ ነው፤ ያስተማረችንም ከካፋ ገጠር የመጣች አንዲት እናት ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ቆሽቱ በምሳሌ ሳይሆን በእውነት አርሯል።

ልጁ እራቱን በልቶ ተኛ። እኩለ ሌሊት ላይ ከእንብርቱ በላይ ሆዱን ቆረጠው፤ ሕመሙ ወደ ጀርባው ዘለቀ፤ ያስመልሰውም ጀመር። አንዱ ጎረቤት «ወስፋት ነው» አለ፤ ሌላው «ቡዳ ነው» አለ፤ ፌጦ ተደቁሶ ተሰጠው። ሲነጋ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱት። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ቦንጋ፣ ከቦንጋም ሪፈር ተጽፎለት እኛ ወደምንማርበት ከተማ መጣ።

ቆሽት ከጨጓራ ኋላ የተጋደመ ነው። ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ወደ አንጀት ይልካል፤ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊንም ያመነጫል። ሲታመም ያ ፈሳሽ አንጀት ሳይደርስ እዚያው ቆሽቱ ውስጥ ሥራውን ይጀምርና የገዛ ማደሪያውን መብላት ይይዛል። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ አነጋገራቸው ግን ገጥሟል። በልጆች ላይ ምክንያቱ ብዙ ነው። የሐሞት ጠጠር፣ ሆድን የመታ አደጋ፣ አንዳንድ መድኃኒት፣ ጆሮ ደግፍ፣ ከዘር የሚወረስ ጉድለትም ሊሆን ይችላል። ወስፋትም የቆሽትን ቱቦ ሊዘጋ ስለሚችል ያ ጎረቤት ጨርሶ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ፌጦ ይበቃዋል ማለቱ ነው። አብዛኞቹ ልጆች በግሉኮስ፣ በሕመም ማስታገሻና በጥንቃቄ በሚሰጥ ምግብ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይሻላቸዋል። ጥቂቶቹ ግን እንደዚህ ልጅ ይጠናባቸዋል። ሕመሙ ወደ ሳንባና ወደ ኩላሊት ይዘልቃል፤ ሳምንታትም ይፈጃል። እየደጋገመ የሚነሣበት ልጅ ውሎ አድሮ የስኳር በሽታ ሊይዘው ይችላል።

የበሽታው ነገር ይህ ነው፤ ስለ በሽታው ሐኪሞች ይበቃሉ። እኛ ለመጻፍ የተነሣነው ስለ አስታማሚዋ ነው።

በመጀመሪያ ያገኛት ወቀሳ ነው። «ምን አብልተሽው ነው?» ያላላት የለም። ይህ በሽታ በትልልቅ ሰዎች ላይ ከመጠጥ ጋር ስሙ ስለሚነሣ፣ «ቤት ውስጥ አረቄ አቅምሰውት ይሆናል» ብሎ ያንሾካሾከም ነበር። ሌሊት ከአልጋው ሥር በነጠላዋ ተጠቅልላ ታድራለች፤ ቀን መድኃኒት ፍለጋ ትዞራለች፤ ስትመለስ ልጇን ብቻውን ሲያቃስት ታገኘዋለች። አማርኛ የምታውቀው ለገበያ ያህል ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን «ምንም እንዳይቀምስ» ያላትን ሰምታለች። በኋላ «ጥቂት ጥቂት ውሃ ይቅመስ» ሲል ግን አልገባትም። ስለዚህ ልጁ ከንፈሩ ደርቆ ውሃ ሲለምናት አንድ ቀን ሙሉ እየከለከለች አብራው አለቀሰች። ይህ የታወቀው ከመካከላችን አንዱ፣ ካፊኖኖ የሚናገር፣ ሌላ ሕመምተኛ ሊጠይቅ ገብቶ በአጋጣሚ ስላነጋገራት ነው። እዚህ ላይ ሐኪሞቹንና ነርሶቹን አንወቅስም፤ ለአንዱ የሚደርሱት ሌላውን ትተው ነው።

«እድር የለሽም ወይ?» ብለን ጠየቅናት።

«አለኝ፤ በየወሩ እከፍላለሁ። ግን ልጄ አልሞተም» አለችን።

ይህ መልስ ከሰማነው ቀን ጀምሮ አልለቀቀንም። ልጇ ቢሞት ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ወንዱም ሴቱም ሦስት ቀን ከደጇ አይጠፋም። ልጁ በሕይወት ስላለ ግን አንድ ሰው እንኳ አብሯት አልመጣም። የጤና መድን ደብተር አላት፤ እሱም ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈሩን ተከትሎ ለሄደ ሰው የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል። (ሪፈር ሳያጽፉ በቀጥታ ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት የሚሮጡ ወላጆች ይህን ይወቁት።) የመኪናውን፣ የእንጀራውንና የማደሪያውን ግን አይከፍልም። ከቦንጋ እስከ ጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ደግሞም እቤት የቀሩት ልጆችና ያልታረመው ቡና አሉ።

«እድር ለቀብር ነው፤ ለታመመ ሁሉ ከከፈለ ሣጥኑ ባንድ ዓመት ባዶ ይቀራል» የሚሉን ሽማግሎች አሉ። ሥጋታቸውን አንንቅም፤ ገንዘቡ የድኻ ገንዘብ ነው። ነገር ግን የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታበት ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሽተኛ አስታመዋል፤ ወላጅ ያጡ ሕፃናትንም ረድተዋል። በእድርነታቸውም ቀጥለዋል። ያ ልጁን በቃሬዛ የተሸከመው ጎረምሳስ ማን ነው? ያው የእድሩ አባል አይደለምን? እኛ የምንለው እድር መድኃኒት ይግዛ አይደለም። ለሩቅ ሪፈር የመሳፈሪያ ገንዘብ ያበድር፤ በየሳምንቱ አንድ ተረኛ አስታማሚ ይላክ፤ ጎረቤትም ቡናዋን ይረምላት ነው። ለቀብር ሦስት ቀን ሥራውን የሚፈታ ሕዝብ ይህን አይችልም ብሎ የሚከራከረን ካለ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጠዋለን።

እኛ ተማሪዎችስ? በአዳራሽ ስለ ሕዝብ ስንናገር ድምፃችን ከፍ ያለ ነው፤ ሐኪም ቤቱ ግን ከግቢያችን በእግር የሚደረስ ሆኖ ሳለ ያችን እናት ያገኘናት በአጋጣሚ ነው። ስለዚህ ካፊኖኖ የምትናገሩ ሁሉ ስማችሁንና ነፃ ሰዓታችሁን በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ጻፉ። ሐኪም በሚዞርበት ጠዋት አንድ ሰው፣ እናቲቱ እንቅልፍ በምትሻበት ሌሊት አንድ ሰው ይበቃል። ሸክኛ፣ ቤንችኛና ዳውሮኛ የምትችሉም ተመዝገቡ፤ ከዚያ ወገን የመጡ አስታማሚዎችም በየኮሪደሩ አሉ።

ይህ ጽሑፍ ሲባዛ ልጁ ገና አልጋ ላይ ነበር። ትናንት ግማሽ ስኒ አጥሚት ጠጥቶ አላስመለሰውም። እናቱም ተረኛው አጠገቡ ስለተቀመጠ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋት ተኝታለች።